አብሽር፣ ሐይቁ ሰላም ነው

ይህ ጽሑፍ ምስጋና ነው። ጥር በገባ ቁጥር ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከውጫሌና ከመርሳ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚጎርፈው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ነገር ግን እስከ ዛሬ ማንም ካባ ያላለበሳቸው ሊቃውንት አሉና ውለታቸውን መክፈል ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እነዚህ ሊቃውንት ከጀልባ መነሻው አጠገብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ፤ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ጥልቀቱ፣ ስለ ጀልባው ዕድሜና ስለ ሞተሩ ጤንነት ለሚቀርብላቸው ጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ አላቸው፤ «አብሽር»። ሴት ስትጠይቅ «አብሽሪ»፣ ብዙ ሰው ሲጠይቅ «አብሽሩ» ስለሚሉ አገልግሎታቸው ማንንም አያገልልም።

ለዚህ ምስጋና ያነሣሣኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ የውሃው ፊት በነጭ አረፋ መዥጎርጎር በጀመረበት ሰዓት፣ ሕፃናት ለተሳፈሩባት ጀልባ ላይፍ ጃኬት ይኖር እንደሆነ አንዱን ሊቅ በትሕትና ጠየቅሁት። «አብሽር ጋሼ» አለኝ፤ «ይሄ እኮ ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም።»

ይህን ለማስተባበል አልደፈርኩም። የማዕበል ቁመት የሚወሰነው በነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ ሳያቋርጥ በነፈሰበት ጊዜ ርዝመትና በውሃው ላይ በተጓዘው ርቀት ነው፤ የእኛ ሐይቅ ደግሞ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱም 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ የውቅያኖስን ዓይነት ማዕበል ሊያስነሣ አይችልም። እስከዚህ ድረስ ሊቁ ልክ ነው። ቀሪውን ግን ጨዋነቱ ይዞት አልነገረኝም። በአጭር ርቀት የሚፈጠር ማዕበል ቁመቱ ቢያንስም እርስ በርሱ የተቀራረበ ስለሆነ፣ ከልኳ በላይ የተጫነችና ጠርዟ ከውሃው ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ጀልባን አንዱ መትቷት ሳትረጋጋ ሌላው ይደርስባታል። የሐይቁ ጥልቅ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ባለ 20 ፎቅ ሕንፃ ቢያቆሙበት ጣሪያው አይታይም። ለመስጠም 2 ሜትር ስለሚበቃ ሊቁ ቀሪውን ምናልባት እንደ ምርቃት ቆጥሮት ይሆናል።

እንደነዚህ ያሉ ሊቃውንት ያልታደለው የዓለም ክፍል ኑሮው ያሳዝናል። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው የኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ ማዕበል ወደ ባሕር ዳር ይመጣል። እነዚያ ምስኪኖች «አብሽር» የሚላቸው ሰው ስለሌለ ባሕሩ ላይ መለኪያ ተንሳፋፊ ያኖራሉ፤ የማዕበሉን ቁመት ብቻ ሳይሆን በአንዱና በተከታዩ መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለ ይቆጥራሉ፤ ቁመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ማዕበሎች መካከል ረጅም ሰከንድ ያለው ይበልጥ ኃይለኛ እንደሆነ ሕፃናቶቻቸው ሳይቀሩ ያውቃሉ። በብዙ አገሮችም በባሕር ዳር ባንዲራ ይሰቀላል፤ ቀይ ከሆነ አደጋው ከፍተኛ ነው፣ ሁለት ቀይ ከሆነ ጭራሽ አይገባም። ጨርቅ አይቶ ከመዝናናት የሚመለስ ሕዝብ! ፖርቱጋል ውስጥ በናዛሬ እ.ኤ.አ. በ2020 ሴባስቲያን ስቶይድትነር የተባለ ጀርመናዊ በ26.21 ሜትር ማዕበል ላይ በሰሌዳ ተንሸራቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ በዚያ ስፍራ ያለው ልማድ አደጋ ሲደርስ በአየር የሚሞላ ጃኬት መልበስና ከማዕበሉ መካከል መንትፎ የሚያወጣ ባለ ሞተር አዳኝ በአጠገብ ማቆም ነው። የዓለሙ ጀግና ላይፍ ጃኬት ለበሰ፤ ሙሽሮችን አጅቦ ጀልባ ላይ የሚወጣው የእኛ ሚዜ ግን ከረባት ይበቃዋል።

በዚያው በኦዋሁ፣ በዋይሚያ የባሕር ወሽመጥ፣ ኤዲ አይካው የሚባል የነፍስ አድን ሠራተኛ ነበር፤ ከ500 በላይ ሰዎችን ከውሃ እንዳወጣ ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሆኩሌያ የተባለችው ታንኳ ከነተሳፋሪዎቿ በተገለበጠች ጊዜ እርዳታ ለማምጣት በሰሌዳው ላይ ሆኖ ወጣና አልተመለሰም። በስሙ የሚካሄደው በሰሌዳ ማዕበል የመጋለብ ውድድር ማዕበሉ በተወሰነው ልክ ካልመጣ አይደረግም፤ ስለዚህ ሳይካሄድ የሚያልፍባቸው ዓመታት ከሚካሄድባቸው ይበልጣሉ። ማዕበሉ አነሰ ብለው ዓመት ሙሉ የሚሰርዙ ሰዎች መኖራቸውን ለአንዱ ሊቃችን ባጫውተው ሥራ ፈትነታቸው እንደሚያስቀው አልጠራጠርም፤ እኛ ዘንድ ማዕበሉ በዛ ተብሎ የተሰረዘ ግማሽ ሰዓት አላየሁም።

የጥበባቸው ከፍታ የሚታየው ግን በሠርግ ቀን ነው። ጥር የሠርግ ወር ነውና፣ ሙሽሮች ለቪዲዮ ወደ ሐይቁ ዳር ሲመጡ ሊቁ ፊቱ ይፈካል። «ጀልባዋ ስንት ሰው ትይዛለች?» ሲባል «እንደ ፍቅራችሁ» ይላል። ፍቅር ደግሞ በሠርግ ቀን አይለካምና፣ ሙሽራው ይገባል፤ ሙሽራዋ ቬሎዋን በአራት ሰው አስይዛ ትገባለች፤ ሚዜዎች ይገባሉ፤ አበባ የምትበትነው ሕፃን ትገባለች፤ ካሜራማኑ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ይቆማል፤ የካሜራማኑ ረዳት መብራቱን ይዞ ካሜራማኑን በቀበቶው ይይዘዋል፤ በመጨረሻም ሞንታርቦው ይጫናል። በጀልባዋ ውስጥ ሁለት ላይፍ ጃኬት አለ። አንደኛው ታጥፎ፣ ቬሎው እርጥብ እንዳይነካው፣ ከሙሽራዋ በታች ይነጠፋል። ሁለተኛውን ሞንታርቦው ይለብሰዋል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ክንዱ በሚገባበት በኩል ገመድ አሳልፈው፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ቆልፈው፣ ጠበቅ መሆኑን ጎትተው አረጋግጠው ያለብሱታል። ምክንያቱን ስጠይቅ አንዱ ሚዜ በቁም ነገር «የኪራይ እኮ ነው፤ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ማን ይከፍላል?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያ ሞንታርቦ ማሰብ አልተውኩም። እግዚአብሔር አይበለውና ጀልባዋ ብትገለበጥ፣ ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ መካከል በሕጉ መሠረት የተዘጋጀው እርሱ ብቻ ነው። ባትሪው እስኪያልቅ «ሙሽራዬ» እያለ ይንሳፈፋል። ነፋሱ ገፍቶ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቢያደርሰው፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ካስተማሩበት ደጅ ላይ ያርፋል። ሴት ወደዚያ ገዳም ስለማትገባና የሞንታርቦው ዘፋኝ ሴት ስለሆነች፣ አባቶች ሣጥኑን ከበው «ድምፅ ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚል አዲስ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ጉዳዩ እስኪጣራ ሞንታርቦው ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ይቀመጥና አከራዩ ከደሴ ድረስ መጥቶ ይረከበዋል፤ ፈትሾም አንድም ጭረት እንደሌለው በፊርማው ያረጋግጣል። ስለ ሕይወት አድን መሣሪያ ጥቅም ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይገኛል?

አበባ የያዘችው ልጅ ስድስት ዓመት የሚሞላት አይመስለኝም። ዋና ትችል እንደሆነ የጠየቃት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች ሰጥመው እንደሞቱ ይገምታል፤ ከ10ሩ 9ኙ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። በሰሌዳ ማዕበል ለመጋለብ የወጡ ጀብደኞች አይደሉም። ጃኬቱን ሣጥን ለብሶት ልጅ በባዶ ደረቷ ስትቀመጥ ከዳር ቆሞ ያየ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ የሚያፍርበት ነገር ነው። የሚያቃጥለኝ ደግሞ አደጋ በደረሰ ማግስት ያው «አብሽር» ሲል የከረመው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጥቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ሐይቁ ግብሩን ወሰደ» ማለቱ ነው። ሐይቁ ደሴ ድረስ ወጥቶ ማንንም አልጎተተም። ጀልባ ላይ ያሳፈረው ሰው ነው፤ ሂሳብ የተቀበለው ሰው ነው፤ ነፋሱን እያየ አፉን ሞልቶ «አብሽር» ያለው ሰው ነው።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። የሊቃውንቱ ወገን ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣ «ሐይቁ ዛሬ መስተዋት ነው» ብሎ በስልክ የሚያረጋግጥ የሩቅ ተመልካች አለ። የአምናን የጠዋት ፎቶ ለዘንድሮ ከሰዓት በኋላ የሚለጥፍ ባለ ማኅደር አለ። በተለይ የምወደው ግን በልጅነቱ ጎረቤታችን የሆነውን የአርዲቦን ሐይቅ እንደ ዋኘ የሚናገረው ጎልማሳ ነው፤ አራት ቢራ ከጠጣ በኋላ ልጅነቱ ስለሚመለስለት ሸሚዙን አውልቆ ይገባል፤ ጓደኞቹም ገመድ በመያዝ ፈንታ ስልክ ይዘው ይከተሉታል።

በዚያ ዳር የውሃውን ጠባይ በእርግጥ የሚያውቁ ሰዎች ቢኖሩ ዓሣ አስጋሪዎቹ ናቸው። ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው፣ ነፋሱ ሳይበረታ ተመልሰው፣ ታንኳቸውን ወደ ደረቁ ስበው ያስራሉ፤ እኛ ከመኪና ስንወርድ እነርሱ ዓሣቸውን ሸጠው መረብ እየጠገኑ ይደርሱናል። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት፣ ሰማዩን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ልጆቼ፣ ዛሬ ይቅርባችሁ፤ ነገ በጠዋት ኑ» ሲሉ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ቅር ተሰኘ። አንዲት እኅት «ምን ያሟርታሉ!» ብላ ፊቷን አዞረች። አዛውንቱም ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ መረባቸው ላይ አቀረቀሩ። ከሃምሳ ዓመት ልምድ ይልቅ ጥሩ አንደበት የሚከበርበት አገር ስለሆነ፣ ሊቁ ወዲያው ጣልቃ ገብቶ ሕዝቡን በአንድ ቃል አረጋጋው፤ ሕዝቡም ተረጋጋ፤ ጀልባዋም ሞላች።

ለእነዚህ ሊቃውንት የሚገባው ሽልማት ምን እንደሆነ ሳሰላስል፣ እስካሁን «አብሽር» ያላሉበት አንድ ጉዳይ መኖሩን አስተዋልሁ። ስንመለስ እንክፈል ያለ አንድ ተሳፋሪ ገጠማቸው። ከዚያ ሁሉ ደግነት መካከል የሊቁ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቆረ፤ መዳፉን ዘርግቶ «ሂሳብ ቅድሚያ ነው» አለ። ሰውየው ለምን ብሎ ቢጠይቀው፣ ሊቁ ወደ ውሃው በአገጩ እያመለከተ፣ ሞኝን እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት መለሰለት፤

«ውሃ ነው እኮ ወንድሜ፤ ማን ያውቃል?»