የብር ልባጩ አጥንትንም ማሰብ አለበት

ያነበብኩት ጽሑፍ በብር የተለበጡ ሰው ሠራሽ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያዎች የኢንፌክሽንን ችግር እንደሚፈቱ አድርጎ ማቅረቡ የተቻኮለ ይመስለኛል። እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች ብረቱ ላይ አንዴ ከተጣበቁ ባዮፊልም የሚባለውን ዝልግልግ ሽፋን ሠርተው ስለሚከለሉበት፣ በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በቀላሉ አያገኛቸውም፤ ብዙ ጊዜም የተተከለውን አውጥቶ በሌላ መተካት ግድ ይሆናል።

ብር ባክቴሪያን መግደሉ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ አጥንት የሚሠሩትን ሕዋሳትም ይጎዳል። የአጥንት ዕጢ ከወጣ በኋላ በሚተከሉ አንዳንድ ትልልቅ መገጣጠሚያዎች ላይ፣ አጥንት ውስጥ የሚገባው ዘንግ ብር ሳይለበጥ የሚተወውም ለዚሁ ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያነሡት መልካም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970 ጀርመን፣ ሐምቡርግ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቡሆልዝና ባልደረባቸው ያስተዋወቁት፣ ጄንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ መገጣጠሚያውን አጥንት ላይ ከሚያጸናው የአጥንት ሲሚንቶ ጋር የመቀላቀል ዘዴ ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል፤ ሆኖም ከሲሚንቶው የሚወጣው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በርክቶ፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በጥቂቱ ስለሚንጠባጠብ፣ መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎችን እንዳያፈራ ያሰጋል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ፣ ምንም መድኃኒት ሳይለቅ፣ መገጣጠሚያው የሚሠራበትን የቲታኒየም ብረት ገጽ ባክቴሪያ እንዳይጣበቅበት፣ አጥንት ግን እንዲያድግበት አድርጎ ለመሥራት የሚደረገው ጥናት ነው።