«አንተ ምን በወጣህ!»

ጣሊያን፣ ቶሪኖ ውስጥ በምኖርበት ሕንፃ ቅዳሜ ጠዋት ምድር ቤት ብትወርዱ፣ ከአንዲት ፊያት 124 ስፓይደር መኪና ሥር ሁለት እግር ወጥቶ ታያላችሁ። የእግሮቹ ባለቤት ሐኪም ነው። ሰኞ ነጭ ጋውን ይለብሳል፣ ቅዳሜ ግሪስ የጠገበ ቱታ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎት ያልፋል። «ምን ነካው?» የሚል የለም።

ስፓይደር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 እዚያው ቶሪኖ የመኪና ትርዒት ላይ የወጣች ናት። ቦዲዋ የመኪና ቅርፅ ነዳፊው የፒኒንፋሪና ኩባንያ ነው። ሞተሯን የነደፈው ቀድሞ ለፌራሪ ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። በዚያው አቆጣጠር ከ1985 ወዲህ አትመረትም። የጎረቤቴ ግን በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሰውየው ብሎን ሲፈታ በትንሽ ፌስታል ይከትና ከየት እንደወጣ ይጽፍበታል። ከመፍታቱ በፊት ፎቶ ያነሳል። የፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ አጠገቡ ተዘርግቶ ነው የሚሠራው። የማውቀውን ያወቅሁት ለእሱ ፋኖስ እየያዝኩለት ነው።

አዳማ ግቢያችን ውስጥም አንድ ስፓይደር አለች። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በንጉሡ ጊዜ የገዛት ናት። ለእረፍት ስሄድ ቱታ ለብሼ ከሥሯ ገባሁ። አክስቴ እትዬ ደንግጠው ከቤት ወጡ።

«አንተ ምን በወጣህ! ሰው ጠፍቶ ነው? መካኒክ ይጠራ እንጂ!»

ማታ አንድ ዘመድ ደወለ። ችግር ላይ የወደቅሁ መስሎት «ለጋራዥ የሚሆን ልላክልህ?» አለኝ። ከልቡ ነው፤ ፍቅሩን አልረሳውም። ግን አናደደኝ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። እኛ ዘንድ የራሱን መኪና የሚነካ ሰው ወይ መካኒክ ነው፣ ወይ እጅ ያጠረው ነው። መኪናውን ማወቅ ስለፈለገ ነው ብሎ የሚያስብ አላገኘሁም።

ባለቤቱ ባለማወቁ ምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ይህችው መኪና አንድ ጋራዥ ገብታ ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተከፍቶ ነበር። ስትመለስ ብሎን የተሞላ ፌስታል አብሮ መጣ። «ትርፍ ናቸው» ተባለ። እንዴት ነው ብሎን የሚተርፈው? ፋብሪካው ለጌጥ ያሰረው ብሎን የለም! ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩና በቴስታታው መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ላይ ሲሊከን እንደ ጭቃ ተለጥፎበታል። የተረፈው ሲሊከን ወደ ውስጥ ተቆርሶ የዘይት መንገድ እንደሚደፍን ማንም አልነገራቸውም። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ የማጥበቂያው ኃይል በቶርክ ቁልፍ እየተለካ ነው የሚጠብቀው። የእኛው የጠበቀው በክንድ ጉልበት ነው። የአንዱ ብሎን ጥርስ ተበልቷል።

ከሁሉ የባሰው ቺንጋው ነው። ይህ ሞተር ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ) አለው፤ ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ ባለ ጥርስ የጎማ ቺንጋ ነው። ሲታሰር የሁለቱ ካምሻፍትና የክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ምልክቶች መግጠም አለባቸው። የእኛዋ ቺንጋ በአንዱ በኩል አንድ ጥርስ ዘሎ ነበር የታሰረው። ዳገት የከበዳት ለዚህ ነው። ለእትዬ ግን የተነገራቸው «ሞተሩ ጉልበት ጨርሷል፣ ለቁርጥራጭ ሽጧት» የሚል ነው። በአንድ ጥርስ ምክንያት! እትዬም አመኑ፤ በምን ያጣሩ? ቤተሰቡ ውስጥ ኮፈን ከፍቶ የሚያይ አልነበረም። መኪናዋ ለዓመታት ፀሐይ ላይ ቆመች፤ ላሜራዋ ከሥር ዛገ።

መካኒኮቻችን እጅ የላቸውም ማለቴ አይደለም። እዚያው አዳማ አንድ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያ የተበላውን ቡሽ (ዘንግ የሚይዝ ቀለበት) አየት አድርጎ በዚያው ቀን ከነሐስ ቀርጾ ሰጠኝ። ቶሪኖ ቢሆን በቁጥሩ ታዞ፣ በፖስታ እስኪመጣ ይጠበቃል። አንድ አዛውንት መካኒክ ደግሞ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚለኩሱትን) አውጥተው አዩና «ጠቁረዋል፣ ቤንዚን በዝቶባታል፤ ጂግለሩ ይቀነስ» አሉኝ። ጂግለር የቤንዚኑን መጠን የሚወስን ቀዳዳ ነው። ልክ ናቸው። ቶሪኖ ከባሕር ወለል 240 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዳማ ከ1,600 በላይ ነች። አየሩ ሲሳሳ ለቆላ የተመጠነ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን ቀላቃዩ) ቤንዚን ያበዛል። እኚህ ሰው ይህን በዓይናቸው ያነባሉ። ያወቁትን የጻፈላቸው ግን የለም፤ ከሥራቸው ሆኖ የሚማር ልጅም አላየሁም።

ደግሞ ጊዜው ተለውጧል። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ያለችው ያለችው ናት። ለቁርጥራጭ የሄደች አሮጌ ፊያት ተተኪ የላትም።

የአክስቴ የልጅ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ቁልፍ ላቀብል ብሎ ሲጠጋ እትዬ «ልብስህ! ትምህርትህን አጥና!» ይሉታል። እሳቸው ገበያ ሲወጡ ቀስ ብሎ መጣ። ምልክቶቹን አሳየሁት። ክራንኩን በቁልፍ ቀስ እያለ አዞረና ሁለቱንም ካምሻፍት ራሱ አገጣጠመ። አዲሱን ቺንጋ አብረን አሰርን። መኪናዋ ተነስታ በዶዶታ መንገድ ዳገቱን ወጣች።

አሁን በየሳምንቱ ይደውልልኛል። ዘይቱን ራሱ ለክቷል፣ ብሎኖቹን በፌስታል ለይቷል፣ የራዲያተሩን ውኃ ቀይሯል። ቱታም ልኬለታለሁ። እትዬ ግን ታጥቦ ግቢ ውስጥ እንዲሰጣ አይፈቅዱም፤ ጎረቤት እንዳያይባቸው።