ሥጋ ለጅብ አደራ፣ በቪየና

ትዳር መሞቱን ለማወቅ ሽማግሌ መሰብሰብ ትርፍ ድካም ነው፤ መሳቢያ መክፈት ይበቃል። ዳይሬክተሩ ኤርነስት ሉቢች በ1924 እ.ኤ.አ. ሆሊውድ ውስጥ የሠራው «ዘ ማሬጅ ሰርክል» የተሰኘው ፊልም የሚጀምረው እንዲሁ ነው። ቪየና፣ ጠዋት። ፕሮፌሰር ሽቶክ ካልሲውን ሲያጠልቅ ቀዳዳ ያገኛል። ሊቀይር መሳቢያውን ቢስብ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ የሚስቱ የሚዚ መሳቢያ ግን በስቶኪንግ ተጨናንቋል። ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው፤ አፍ ቢኖረውም ከዚህ በላይ አይናገርም ነበር።

ይህች ሚዚ የጓደኛዋን የሻርሎትን ባል፣ ዶክተር ፍራንዝን ትመኛለች። ሽቶክ በበኩሉ ሚስቱ ከሌላ ወንድ ጋር ታክሲ ውስጥ መሆኗን በመስኮት ሲያይ እንደ ወጉ ዱላ አይፈልግም፤ ደስ ይለዋል። የፍቺ ምክንያት በእግሩ መጣለት! ማስረጃ የሚሰበስብ የግል መርማሪም ይቀጥራል። ይህን የተበዳይ ደስታ ሽቶክን ሆኖ የሚተውነው አዶልፍ ሜንጁ ከጢሙ ሥር በፈገግታ ብቻ ይጫወተዋል።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ግን በራት ግብዣው ላይ ነው። በየሳህኑ አጠገብ የእንግዳ ስም የተጻፈበት ካርድ ተቀምጧል። ፍራንዝ ከሚዚ ጎን መመደቡን ሲያይ ደንግጦ ካርዱን ያዛውራል። ሻርሎት ደግሞ ሚስ ሆፈር ከምትባል እንግዳ ጎን ለመቀመጥ የቋመጠ መስሏት ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። አልበቃትም፤ ባሏን ከሚስ ሆፈር እንድትጠብቅላት ሚዚን ትለምናለች። ቅናቷ ሙሉ ነው፣ ጥንቃቄዋም እንከን የለውም፤ የሳተችው ሴትዮዋን ብቻ ነው።

ፍቅርም በዚህ ፊልም በዕቃ ይነገራል። በቁርስ ሰዓት ካሜራው የፍራንዝንና የሻርሎትን ፊት ትቶ እንቁላሉንና የቡና ስኒውን ብቻ ያያል። አንዱ እጅ እንቁላል ይሰብራል፣ ሌላው ቡና ያማስላል። እጆቹ ይቆማሉ። ከዚያ ከጠረጴዛው ይጠፋሉ፤ የት እንደሄዱ ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም። ሉቢች ታሪኩን በ1932 በድምፅና በዘፈን መልሶ ሠርቶታል፤ ለዚህች እንቁላል ግን ዘፈን አያስፈልጋትም።

መጨረሻው ላይ ሻርሎት፣ የባሏ ባልደረባ ዶክተር ሙለር እንደሳማት ለፍራንዝ ትናዘዛለች። ፍራንዝ ይስቃል፤ ብድሯን ለመመለስ የፈጠረችው መስሎታል። ሙለር ራሱ ቢመሰክርም አያምንም። ሲዋሽ የተጠረጠረው ባል፣ እውነት ስትናገር የተሳቀባት ሚስት ይታረቃሉ። ሚዚም ሥራ አልፈታችም፤ ሙለርን በመኪናዋ አሳፍራ ትሄዳለች።