ለክቡር ቡናማ ፖስታ

ለክቡር ቡናማ ፖስታ
በያሉበት

ጉዳዩ፦ በበር ቀዳዳ እየሾለኩ ቡናችንን ስለማሳረርዎ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ደህና ነበርን።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ቤት ነበርኩ። እትዬ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እርስዎ እንደሆኑ ግንባርዎ ላይ ተጽፎልዎታል። ቡና እየቆሉ ነበር። ዕጣኑ ጨሷል። የጭስ ደወሉ እንዳይጮህብን መስኮቱ ተከፍቷል። ቄጤማው የፕላስቲክ ነው፤ ለንደን ነዋ። የበሩ ቀዳዳ ቀጭ አለ፣ እርስዎም ምንጣፉ ላይ ዘፍ አሉ። እትዬ ዞር ብለው እንኳን አላዩም። እጃቸው ብረት ምጣዱ ላይ ቀጥ አለ።

«መጣ» አሉ።

«በምን አወቁ?» ብላቸው፣ «የባንክ ደብዳቤ ሲወድቅ ቀለል ይላል። ይኼኛው ይከብዳል» አሉኝ።

ያን ዕለት ቡናው አረረ።

ለመሆኑ ቡናማ ብሎ ስም ያወጣልዎ ማን ነው? ቡና ስሙን ሲያውስዎ ሊጠየቅ ይገባው ነበር።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ እንግሊዝ አገር የማይኖር ሰውም ያነበዋልና ትንሽ ላስተዋውቅዎ። እርስዎ ከብሪታንያው የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር የሚላኩ ፖስታ ነዎት። ሆድዎ ውስጥ ብዙ ነገር ይዘው ይዞራሉ። የእኛ ሰፈር ሰው በደንብ የሚያውቀው ሁለቱን ነው። አንዱ ፒፕ ነው። አካል ጉዳት ወይም የቆየ ሕመም ላለበት ሰው ለዕለት ኑሮውና ለመንቀሳቀሻው የሚከፈል ሲሆን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በፈረንጁ አቆጣጠር ናቸው።) ሌላው የልጅ ቀለብ ነው። እናትና አባት ሲለያዩ ልጁ ምን ያህል እንደሚደርሰው የሚያሰላው እሱ ነው።

ፒፕ የሚገኘው በነጥብ ነው። 12 ሥራዎች ተደርድረዋል። 10ሩ የዕለት ኑሮ ናቸው፤ ማብሰል፣ መብላት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ማንበብ፣ ገንዘብ ማስላት እያለ ይሄዳል። 2ቱ መንቀሳቀስ ናቸው። በየክፍሉ 8 ነጥብ ያገኘ መደበኛውን ክፍያ ይወስዳል፣ 12 ያገኘ ከፍ ያለውን። እኛ አገር ሰው «ነጥብ ጣለ» ሲባል ያፍራል። እዚህ ደግሞ ነጥብ ለማግኘት መውደቅ አለበት።

እኔ በጣም የምወዳት የማብሰሏን አንቀጽ ነው። በምድጃ ማብሰል አቅቶት በማይክሮዌቭ የሚችል ሰው 2 ነጥብ አለው። ምግቡ «ቀላል» መሆን አለበት፤ ካልተቀነባበረ ነገር የተሠራ፣ አንድ ዓይነት፣ ለአንድ ሰው የሚሆን። ፎርሙን ስንሞላ ይህን ለእትዬ ተረጎምኩላቸው።

«ለአንድ ሰው ወጥ ተሠርቶ ያውቃል?» አሉኝ።

ገና ምኑ ተነክቶ። ደንቡ «ማብሰል» የሚለውን ቃልም ፈትቶታል። ምግብን በወገብ ልክ ወይም ከወገብ በላይ ማሞቅ ነው ይላል። እትዬ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲያ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጎንበስ ብላ ሦስት ጉልቻ ላይ ስትሠራ የኖረችው ምን ነበር?» አሉ። በዚህ ደንብ እናትዎ አብስለው አያውቁም አልኳቸው። ሳቁ። ፎርሙን መሙላት ከጀመርን የሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

መራመድም ልኬት አለው። ቆሞ ከ1 ሜትር በላይ መሄድ ችሎ ከ20 ሜትር የማያልፍ ሰው 12 ነጥብ ያገኛል። 21ኛዋን ሜትር የረገጠ ግን ነጥቡ ዝቅ ይላል። ባለታክሲ እንኳን ለአንዲት ሜትር እንዲህ አይጨቃጨቅም።

ክቡርነትዎ፣ እስካሁን አንቱ እያልኩ መጣሁ። ይበቃናል። ከዚህ ሁሉ ዓመት ትውውቅ በኋላ አንተ ብልህ ነውር አይመስለኝም።

እና ስማ። የምዘናው ቀን ትዝ ይልሃል? በስልክ ነበር። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ስልክ ነው ማንም አያይዎትም ብላቸው «ቢሆንም» አሉ። አስተርጓሚዋ መስመር ላይ ገባች። የመዛኟ የመጀመሪያ ጥያቄ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» የሚል ነበር። እትዬ ሁለት ጉልበታቸው ያበጠ፣ ሌሊቱን ወገባቸውን ይዘው ያደሩ ሴትዮ፣ ቀና አሉና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ! እርስዎስ? ልጆችስ እንዴት ናቸው?» አሉ።

እኔ ከጎን ሆኜ እጄን አወራጫለሁ። ምን ልበል? እኛ ዘንድ አልጋ የያዘ ሰውም «ተመስገን» ነው የሚለው። ለሰላምታ ሕመሙን የሚዘረዝር ሰው ያልተባረከ ይባላል። ስልኩ ሲዘጋ «እትዬ፣ ምን ነካዎት?» ብላቸው፣ «ለማላውቃት ልጅ ሕመሜን እንደ ሸቀጥ ላስጣው?» አሉኝ። መዛኟ ጨዋ ነበረች፤ እሷን አልከስም። ግን የ12ቱን ሥራ ዝርዝር ያወጣው ሰው «ተመስገን» የሚባል ቃል እንዳለ አልሰማም። ለትሕትና ስንት ነጥብ ይቀነሳል? ፎርሙ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

አንተ ግን ተቆጣጣሪ የለህም ብዬ እንዳላዝንልህ፣ ሞልቶልሃል። የፓርላማው የሥራና የጡረታ ቋሚ ኮሚቴ አለ። በ2018 መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ምዘና ሲመረምር በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ጽፈውለታል። አንደኛው ሰው ምዘናው ሲካሄድ ከአልጋ አልወረደም። ሪፖርቱ ከወንበር ያለ ችግር ተነሳ አለ። ቤት ውስጥ የነበረችው ወንበር ደግሞ መዛኟ የተቀመጠችባት ብቻ ነበረች። ሌላዋ ውሻዋን በየቀኑ እንደምታንሸራሽር ተጻፈላት። ውሻ የላትም። ኮሚቴው ይህን ሁሉ አንብቦ ምዘናው በድምፅ ይቀረጽ ብሎ መከረ። እኔም አሁን የሰው ቤት ስገባ ወንበሮቹን እቆጥራለሁ።

ኦዲተሩም አለልህ። ያለአግባብ በትርፍ የሚከፈለውና በማነስ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ስለሆነ፣ የሚኒስቴሩ ሒሳብ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየዓመቱ ነቀፌታ ያለበት አስተያየት ነው የሚሰጠው። በየዓመቱ! ከ35 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። አንድ ተማሪ በአንድ ትምህርት 35 ጊዜ ቢወድቅ ቤተሰቡ ጸበል ይወስደዋል። እትዬ ግን ፎርሙን ሞልተው እንዲመልሱ የተሰጣቸው አንድ ወር ነው። ለእርሳቸው አንድ ወር፣ ለእናንተ 35 ዓመት። በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ የምለው ነገር ነበረኝ፤ ጾም ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ይግባኙ እንኳን እንደ ቡና ሦስት ዙር ነው። አቦሉ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው። እሱ ካልጣመህ ቶናው አለ፤ ያው ሚኒስቴር የራሱን ውሳኔ ራሱ እንደገና ያየዋል። በረካው ፍርድ ቤት ነው። ባለፉት ዓመታት ችሎት ፊት ከታዩት የፒፕ ይግባኞች ከ10 ወደ 7 የሚጠጉት የተፈረዱት ለአመልካቹ ነው። ከበረካ በፊት አትነሱ የሚሉን አሮጊቶች ለካ ሕግ ያውቁ ነበር። ችግሩ ብዙ ሰው ቶናው ላይ ጫማውን አድርጎ ይወጣል። ደክሞት ነው። አመልካቹ ብቻ አይደለም ፍርድ ቤት የሚሄደው፤ በ2017 መጨረሻ ራሱ አንዱ የነጥብ ደንብ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ያገላል ተብሎ ተሻረ፣ 1.6 ሚሊዮን ፋይልም እንደገና ይታይ ተባለ። ያኔ ስንት ፖስታ እንደተላከ አስበው። ዘመዶችህ ሠርግ ላይ የነበሩ መስሎኛል።

ቆይ፣ ይህችን ሳልነግርህ። ከ2020 እስከ 2024 የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስቲቨን ቲምስ ነበሩ። ሚኒስትሮቹን ቁጭ አድርገው ሲያፋጥጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በ2024 ጁላይ መንግሥት ተቀየረና እሳቸው ራሳቸው የዚሁ ዘርፍ ሚኒስትር ሆኑ። በ2025 መንግሥት የነጥቡን ደንብ ሊያጠብቅ ሕግ አቀረበ። የገዛ ፓርቲው አባላት አመጹበትና አንቀጹን አወጣው። ፒፕን ከሥር ጀምሮ የመመርመሩ ሥራም ለእኚሁ ሰው ተሰጠ። አካል ጉዳተኞችም አብረው እንዲመሩት ተደርጓል፤ ይህ ደግ ነው፣ አልክድም። ለእትዬ ስነግራቸው ግን «ሚዜውም እሱ፣ ሙሽራውም እሱ?» አሉ።

እንባ ጠባቂም አለ። ቃሉ በአማርኛችን እንዴት ያምራል! ብሪታንያ ውስጥ ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለቀስክ እንደሆነ እንባህን በቀጥታ ለእንባ ጠባቂው አታደርስም። መጀመሪያ ለፓርላማ አባልህ ትሰጣለህ፣ እሱ ያሻግርልሃል። ከዚያም በፊት የመሥሪያ ቤቱን የቅሬታ ደረጃዎች መጨረስ አለብህ። እዚያ እስክትደርስ እንባው ደርቆ ጨው ሆኗል።

አሁን ወደ ሌላው ሆድህ። የልጅ ቀለብ።

በእኛ ፍርድ ቤት ለልጅ ቀለብ «ተቆረጠለት» ይባላል። ተወሰነለት ለማለት ነው። እናንተ ግን ቃሉን እንዳለ ወሰዳችሁት። አባት በሳምንት 100 ፓውንድ ይክፈል ተባለ እንበል። እንደ ሰው ተስማምቶ ለእናትየው በቀጥታ የማይከፍል ከሆነ አገልግሎቱ መሃል ይገባና ሰብስቦ ያስተላልፋል። ያኔ አባትየው ላይ 20 ከመቶ ይጨመርበታል፤ 120 ይከፍላል። እናትየው ላይ 4 ከመቶ ይቀነስባታል፤ 96 ይደርሳታል። 24ቱ ፓውንድ መንገድ ላይ ይቀራል። አባትየው እምቢ ስላለ ይቀጣ፣ እሺ። እናትየው ምን አድርጋ ነው? ምናልባት እሱን በማግባቷ ይሆናል። እስከ 2024 ፌብሩዋሪ ደግሞ ገና ለማመልከት ብቻ 20 ፓውንድ ይጠየቅ ነበር። አባትየው ራሱ ድጎማ ላይ ያለ ከሆነ ቀለቡ በሳምንት 7 ፓውንድ ነው። በቀን 1 ፓውንድ። በ1 ፓውንድ ልጅ አይደለም ድመት አይጠግብም።

ስሙም አይረጋም። በ1993 ኤጀንሲ ተብሎ ተጀመረ። በ2008 ኮሚሽን ሆነ። በ2012 አገልግሎት ተባለ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን ጉልቻ ከወገብ በታች ስለሆነ በእናንተ ደንብ ወጡም አልበሰለም። የድሮው ኤጀንሲ ሳይሰበስብ ጥሎት የሄደው ዕዳ ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። አብዛኛው አይሰበሰብም ተብሎ ተስፋ ተቆርጦበታል። ገንዘቡ የሚገባቸው ልጆች አድገው አሁን የልጅ አባት ሆነዋል። አንዳንዶቹ ይኼኔ ከአንተው ፖስታ ይደርሳቸው ይሆናል፣ ቀለብ ክፈሉ የሚል።

አንድ ቀን አንድ ቢሮ ስደውል፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሙዚቃ ተከፈተልኝ። ያች ዜማ ስትደጋገም፣ ስትደጋገም፣ ሽሮ ሠራሁ። ሽሮው በሰለ፤ ከወገብ በላይ ነው የሠራሁት። በላሁ። ዕቃ አጠብኩ። ከዚያ «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው» አለችኝ። ተቋረጠ።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ቡናው ካረረ በኋላ እትዬ አንተን አንስተው ፍሪጁ ላይ አስቀመጡህ። ሌላ ቡና ለቀሙ፣ አጠቡ፣ ቆሉ። እስከ በረካ ስንጠጣ ማንም ወደ ፍሪጁ አላየም። ሁላችንም ግን እዚያ መሆንህን እናውቃለን። ስለ ጥምቀት እናወራለን፣ ዓይናችን ፍሪጅ። ስለ ዶላር እናወራለን፣ ዓይናችን ፍሪጅ። በመጨረሻ እትዬ መነጽራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ መነጽር አያስፈልገኝም። ያው «አንብብልኝ» ማለታቸው ነው። በቢላ ከፈትኩህ። አራት ገጽ ነህ። ሦስቱ ደብዳቤውን በሌላ መልክ ከፈለጉ ወዴት እንደሚደወል የሚገልጹ ናቸው። አንዱ ገጽ፣ ፎርምዎ ደርሶናል፣ በቅርቡ ሌላ ደብዳቤ እንልክልዎታለን ይላል።

ለዚህ ነው ቡናዬ ያረረው?

ከሠላምታ ጋር

የእትዬ ጎረቤት
(ያለክፍያ ፎርም ሞይ፣ ፖስታ ከፋች)

ግልባጭ፦

ለቋሚ ኮሚቴው፦ ወንበሮቹ ተቆጥረዋል፤ እትዬ ቤት አራት ናቸው፣ አንዷ እግሯ የተሰበረ ነው።

ለኦዲተሩ፦ ለሚቀጥለው ዓመት ነቀፌታ እንዲረዳ።

በ2024 በሚኒስቴሩ ላይ ምርመራ ለጀመረው የእኩልነትና የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን፦ ሲጨርሱ ቢነግሩን፣ በነጭ ፖስታ።

ለእንባ ጠባቂው፦ በፓርላማ አባላችን በኩል።

ለእትዬ፦ ብረት ምጣዱን ፈትጌ አጥቤዋለሁ፣ ማታ አመጣልዎታለሁ። ከእንግዲህ ቡናውን እሑድ እናድርገው። እሑድ ፖስታ የለም።