ዕድሜን በአንድ ዘረመል መተንበይ ይቅር

«ዘራቸው ነው!» ድሬዳዋ ላይ በከሰዓት በርጫ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው የሰፈር አዛውንት ሲነሱ ክርክሩ የሚዘጋው እንዲህ ተብሎ ነው። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ትምህርት የቀመሰው ወጣት «የረጅም ዕድሜ ዘረመል አላቸው» ይላል። አነጋገሩ ዘመነ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ይዘን የወጣነው የሜንዴልን አተር ነው፤ የአንድ ዘረመል አንዱ ዓይነት ረጅም ያደርጋል፣ ሌላው ዓይነት አጭር። ለአተር ቁመት ይሠራል። ለዕድሜ ግን አይሠራም፤ ምስክሬም አንዲት ትል ናት።

ሲ. ኤለጋንስ ትባላለች። የወስፋት የሩቅ ዘመድ ብትሆንም ሰው ሆድ አትገባም፤ በበሰበሰ ተክል ላይ ባክቴሪያ እየበላች የምትኖር፣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም ድቡልቡል ትል ናት። ሁለት ሦስት ሳምንት ኖራ ስለምትሞት ተመራማሪው ሙሉ ዕድሜዋን ቁጭ ብሎ ያያል። በሰው ላይ ልሞክረው ቢል ራሱ ቀድሞ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኬንየንና ባልደረቦቿ ዳፍ-2 የተባለው ዘረመል የተዳከመባቸው ትሎች ከእጥፍ በላይ እንደሚኖሩ አሳዩ። ወሬው ይህን ብቻ ይዞ ሄደ። የዚያው ጥናት ሌላው ግኝት ግን ዳፍ-16 የተባለ ዘረመል ከሌለ የተገኘው ዕድሜ ሁሉ እንደሚጠፋ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዳፍ-2 ኢንሱሊን መሰል መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን ያሠራል። መልእክቱ በበረታ ጊዜ የዳፍ-16 ፕሮቲን ታግዶ ይቆያል፤ ሲደክም ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ ሙቀትን፣ ረሃብንና መርዝን ለመቋቋም የሚረዱ ብዙ ሌሎች ዘረመሎችን ያነቃል። እንግዲህ የረጅም ዕድሜ ዘረመል የቱ ነው ይባል? አጋጁ? ታጋጁ? ወይስ የሚነቁት?

ከዚህ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሊፎርኒያ ከሚገኘው ባክ የእርጅና ምርምር ተቋም የወጣ ጥናት ሁለት ዘረመሎችን አንድ ላይ አዳከመ። ዳፍ-2 ለብቻው ሲዳከም ዕድሜን በእጥፍ ገደማ ያስረዝማል። ከሕዋስ እድገት ጋር የተያያዘው አርኤስኬኤስ-1 ደግሞ ለብቻው የሚጨምረው 20 በመቶ ገደማ ነው። በመደመር ከሄድን ከእጥፍ ትንሽ ያለፈ ዕድሜ እንጠብቃለን። የተገኘው አምስት እጥፍ የሚጠጋ ነበር! ሁለቱን ዘረመሎች ለየብቻ ያጠና ሰው ይህን ሊገምት አይችልም፤ ትርፉ የተገኘው ከግንኙነታቸው ነውና።

ሰው ትል አይደለም፤ አውቃለሁ። ሆኖም የዳፍ-16 አቻ የሆነው ፎክስኦ3 የተባለ ዘረመል በእኛም ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃዋይ ውስጥ በጃፓን ዝርያ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት የዚህ ዘረመል አንዱ ዓይነት ረጅም ዕድሜ በኖሩት ዘንድ በርከት ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። በርከት ብሎ ነው፤ በሁሉም አይደለም። ዓይነቱ የሌላቸውም ረጅም ዕድሜ ኖረዋል።

ይህን ለተማሪ በዓይኑ ማሳየት ይቻላል ባይ ነኝ። ማይክሮስኮፕ፣ ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህንና ትዕግሥት ያለው መምህር ከተገኙ ብዙ ወጪ የለውም። ትሏን የሚመቻት 20 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የሐረር ደጋ አየር ያግዛል። የድሬዳዋ ሙቀት ግን ዕድሜዋን ያሳጥራል፣ ሲብስም ያመክናታል፤ ስለዚህ የድሬ ትምህርት ቤቶች ከትሏ በፊት ለማቀዝቀዣ በጀት ይጠይቁ።