ይሉኝታ ፓስፖርት አይጠይቅም

ውጭ የምንኖር ሰዎች ሀገር ቤት ስንመለስ የምንደጋግማት ነገር አለች። «ሀገር ቤት ሰው ለራሱ አይኖርም። ውጭ ግን ማንም በማንም አያገባውም፤ የፈለግከውን ትሆናለህ።» እኔም ለብዙ ዓመታት ብያታለሁ። አምኜባት ነው ያልኳት። አሁን ግን አላምናትም። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ሁለት ስብሰባዎች ናቸው፤ አንዱ እዚህ በምሠራበት ቢሮ፣ ሌላው ሀገር ቤት ሳሎን ውስጥ።

የቢሮው ላይ ስምንት ሰዎች ነበርን። አንድ አሮጌ የመረጃ ሲስተም ወደ አዲስ የሚዛወርበትን ቀን ልንወስን ተሰበሰብን። አርብ ማታ እንዲሆን ተፈልጓል። ፍተሻው ግን አላለቀም። ይህን በደንብ አውቃለሁ፤ የቀሩትን ነገሮች ጠዋት ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የገባሁት። አለቃችን «ስጋት ያለው አለ?» ብላ በየተራ ጠየቀችን። የመጀመሪያው «የለኝም» አለ። ሁለተኛዋም «የለኝም»። ሦስተኛው ከስልኩ ቀና ሳይል ራሱን ነቀነቀ። ተራዬ እየቀረበ ሲመጣ ወረቀቴን አየሁት። ያሰፈርኩት ነገር ሁሉ ድንገት ተራ ነገር መሰለኝ። «ይሄ ሁሉ ሰው ያላየው ለእኔ ብቻ ታየኝ እንዴ?» አልኩ በሆዴ። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«እኔም የለኝም።»

ሰኞ ጠዋት ደንበኞች መረጃቸውን ማግኘት አልቻሉም። ለማስተካከል ሳምንት ሙሉ ፈጀብን። ከዚያ ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ኮሪደር ላይ የሰማሁት ነው። ከጎኔ ተቀምጣ የነበረችው ባልደረባዬ «እኔኮ ጠርጥሬ ነበር፤ አንተ ዝም ስትል ችግር የለም ማለት ነው ብዬ ተውኩት» አለችኝ። እኔ ሌሎቹን አይቼ ዝም አልኩ፤ እሷ ደግሞ እኔን አይታ። ማንም አላስገደደንም። እንዲያውም ተናገሩ ነው የተባልነው።

ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ1968 ቢብ ላታኔ እና ጆን ዳርሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ክፍል አስገብተው መጠይቅ ያስሞሏቸዋል። በመሃል ከግድግዳው ጭስ መግባት ይጀምራል። ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ወጥተው ተናገሩ። አብረዋቸው ሁለት የተመራማሪዎቹ ግብረ አበሮች ተቀምጠው ጭሱን አይተው እንዳላዩ ሲሆኑ ግን፣ የተናገሩት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት እያሳሉና ዓይናቸውን እያሹ መጠይቃቸውን ሞሉ። ይህን ሳነብ ያ የስብሰባ ክፍል ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለው። ስምንት የተረጋጉ ፊቶች፣ እና ጭስ።

ሰለሞን አሽ የተባለ ሌላ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያደረገው ሙከራ ደግሞ ከዚህ ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. 1951 ላይ። ጥያቄው ልጅ እንኳ የማይስተው ነው። ከሦስት መስመሮች ከዚህኛው ጋር እኩል የሆነው የቱ ነው? ክፍሉ ውስጥ ካሉት እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ቀድመው ተመካክረው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ከአራት ተፈታኞች ሦስቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ከቡድኑ ጋር ተሳሳቱ። ልብ በሉ፤ እነዚህ የአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። «ማንም በማንም አያገባውም» በምንለው አገር ያደጉ ልጆች።

ልዩነት የለም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮድ ቦንድ እና ፒተር ስሚዝ ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ 133 የዚህ ዓይነት ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ የጋራ ኑሮ በሚጠነክርባቸው አገሮች ሰው ለቡድኑ ይበልጥ እንደሚያዘነብል አግኝተዋል። ይህን እቀበላለሁ። ግን የመብዛትና የማነስ ጉዳይ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ልዩነት ነው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ስም አለው፤ ይሉኝታ። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ነው። ሀገር ቤት ይሉኝታ ፊትና ድምፅ አለው። አክስት ናት፣ ታላቅ ወንድም ነው። ማን እየተጫነህ እንደሆነ ታውቀዋለህ። ትከራከረዋለህ፣ ትለማመጠዋለህ፣ ካልሆነም ታኮርፈዋለህ። እዚህ ግን የሚጫንህ ሰው አይታይም። ስለዚህ ስትጎብጥ ወደህ የጎበጥክ ይመስልሃል። «የራሴ ምርጫ ነው» ትላለህ፤ ከልብህም ነው። እነ ሮበርት ቻልዲኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ጥናት ይህን ያሳያል። የካሊፎርኒያ ነዋሪዎችን ኤሌክትሪክ ለምን ትቆጥባላችሁ ብለው ጠየቁ። አካባቢን ለመጠበቅ፣ ለኅብረተሰቡ ጥቅም፣ ገንዘብ ለማትረፍ ተባለ። «ጎረቤቶቼ ስለሚቆጥቡ» የሚለው መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። እንቆጥባለን ካሉት መጠን ጋር ከሁሉም በላይ የገጠመው ግን ጎረቤቶቻቸው ይቆጥባሉ ብለው ማመናቸው ነበር። መቆጠቡ መልካም ነው። ቡድን ሁልጊዜ ወደ ገደል አይወስድም። ግን ማን እንደወሰዳቸው አላወቁትም።

በስደተኛ ላይ ደግሞ ይብሳል። «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የተባለው እውነት ነው። ቋንቋው የእናትህ አይደለም። «አልገባውም» እንዳትባል ትፈራለህ። ስለዚህ ከሌላው ቀድመህ ራስህን ትነቀንቃለህ። ሁለት ቡድን ተሸክመን ነው የምንኖረው፤ አንዱ በስልክ፣ አንዱ በአካል።

ሁለተኛው ስብሰባ ባለፈው ዓመት ሀገር ቤት የሄድኩ ጊዜ ነው። የእህቴ ልጅ ምህንድስና እየተማረ ሁለተኛ ዓመት ላይ ደርሷል። ትቶ መምህርነት መማር ይፈልጋል። ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አባቱ ጀመረ፣ አጎቶቹ ቀጠሉ። ሁሉም ተቃወሙ፤ ክፋት አልነበረባቸውም፣ ስለሚወዱት ነው። ልጁ ምንጣፉ ላይ ዓይኑን ተክሎ የጣቶቹን ጥፍር ይነካካል። አራተኛው ሰው ሲናገር አንድ ነገር በራሴ ላይ አስተዋልኩ። ስገባ ከልጁ ጋር ነበርኩ። አሁን ግን «ምህንድስናው ይሻለዋል» የሚል ንግግር በሆዴ እያዘጋጀሁ ነው። ልክ እንደ ወረቀቱ ቀን።

ተራው እኔ ጋ ሳይደርስ ታላቅ አክስታችን ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ እንኳ መምህርነቱ ይሁን አይሁን አላውቅም» አለች። «ግን እስካሁን የተናገርነው እኛ ነን። እስቲ አንተ ልጅ፣ የኔ ጌታ፣ ቀና በልና ንገረን።»

ልጁ ቀና አለ። ተናገረ፤ ለሁለት ዓመት ያስጠናቸውን ልጆች በስም እየጠራ። አያቱ «እኔም ሆዴ አላረፈም ነበር» አሉ። ከዚያ አንዱ አጎት፣ ከዚያ እኔ። ያን ቀን ውሳኔ አልተደረሰም፤ ግን ክፍሉ ውስጥ የነበረው አየር ተለወጠ።

አሽም ይህን አግኝቶታል። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር፣ ብዙኃኑ በተፈታኙ ላይ ያለው ጫና ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የሚገርመው፣ ያ አንድ ሰው ከቡድኑ የባሰ ቢሳሳት እንኳ ተፈታኙ ነፃ ይወጣል። አክስቴም ትክክል መሆን አላስፈለጋትም። ከሌሎቹ መለየቷ በቂ ነበር። ሳሎን ውስጥ ለአንድ ልጅ ያደረገችውን እኔ ቢሮ ውስጥ ለባልደረባዬ አላደረግኩላትም። ይህ አሁንም ይቆጨኛል።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ስብሰባ ነበረን። ያው ክፍል፣ ያው ሰዎች ማለት ይቻላል። አለቃችን ስጋት ያለው ካለ ብላ ከወዲያኛው ጥግ ጀመረች። ተራዬን አልጠበቅኩም። እጄን አወጣሁና ወረቀቴን ዘረጋሁ። ድምፄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ሁለተኛውን መስመር አንብቤ ሳልጨርስ ባልደረባዬ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። «እኔም ሦስት ነገር አለኝ» አለች።