ፈረሱን በሁለት እጅ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቢሾፍቱ ተማርኩ፣ አሁን ሜሪላንድ ውሻና ድመት አክማለሁ። የቻይና ባህላዊ የእንስሳት ሕክምና ልማር ነው ስል ባለቤቴ «ለመርፌ ነው ቤጂንግ ድረስ?» ብላ ሳቀችብኝ። ጥፋቱ የደንበኞቼ ነው። ወገቡ የተያዘ ውሻ አቅፈው ይመጡና «አኩፓንክቸር ትሠራለህ?» ይሉኛል፤ በቀጭን መርፌ እየወጉ ማከም ማለት ነው።

ቤጂንግ እንደደረስን አንድ ዳማ ፈረስ ፊት አቆሙን። መምህሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት እጃቸውን ፈረሱ አንገት ግርጌ፣ ግራና ቀኝ አሳረፉና ዝም አሉ። የደም ሥሩን ትርታ እያዳመጡ ነው። ቆየት ብለው ከንፈሩን ገልበጥ አድርገው የድዱንና የምላሱን ቀለም አዩ። ላም ከሆነች ትርታው የሚዳሰሰው ጭራዋ ሥር ነው፤ ውሻ ከሆነ ጭኑ ውስጥ።

ቀጥሎ የአንገት ደም ሥር በጥቶ ደም ማውጣት መጣ። ከዚያ በእሳት የጋለ መርፌ። ይሄኔ ደነገጥኩ። ይሄን እኮ አውቀዋለሁ! እንጅባራ አጎቴ ቤት ፈረስ ሲያነክስ ብረት አግለው ይተኩሱት ነበር። ተማሪ ሳለን የተተኮሰ ከብት ሲመጣ «ደግሞ አቃጠላችሁት?» እያልን ባለቤቱን እንቆጣለን። መቆጣታችን ትክክል ነበር፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። ግን «የት ጋ ነው የምትተኩሱት? ለምን እዚያ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ቻይናዎቹ ጽፈውታል። ዩ ቤንዩዋንና ዩ ቤንሄንግ የተባሉ ወንድማማቾች ስለ ፈረስ ሕክምና የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1608 የወጣ ነው፤ ዛሬም ይጠቀሳል። የተጻፈው ሁሉ ያድናል ማለቴ አይደለም። ለብዙው ነገር ማስረጃው ስስ ነው። ግን የተጻፈ ነገር ቢያንስ ይፈተሻል፣ ስህተቱም ይታያል።

ሁሉም ደግሞ አላስደሰተኝም። አንድ የኮርስ ጓደኛዬ በሚያምር ካርቶን የታሸገ ጥቁር ነገር በስጦታ ሰጠኝ። ኤጂያዎ ይባላል። ለደም ጥሩ ነው አለኝ። ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚሠራ ሙጫ ነው። ለዚህ ቆዳ ሲባል እኔው በተማርኩባት ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ እ.ኤ.አ. በ2017 የተዘጋው ሕዝብ ተቆጥቶ ነው። አመስግኜ ተቀበልኩና ሆቴሉ ውስጥ ትቼው ወጣሁ።

በመጨረሻው ቀን መምህሩ በአስተርጓሚ «እናንተ አገርስ ሽማግሌዎች ፈረስ እንዴት ያክማሉ?» አሉኝ። «በብረት» ብዬ ቀረሁ። ሌላ የምለው አጣሁ።

ማታ እንጅባራ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ፈረስ ትከሻውን ሲያመው የት ጋ ነበር የምትተኩሱት?»

ሳቃቸው ስልኩን ሞላው። «አንተ ልጅ፣ ዶክተር አይደለህ እንዴ?»

«አላውቀውም፣ ጋሼ።»

«ይሄ በስልክ ይነገራል? በእጅ ነው የሚታወቅ። ለፈረሰኞቹ በዓል፣ ለጥር 23 ና። ፈረሱን አቁሜ አሳይሃለሁ።»